አሊሰንት ልጇን አሳልፋ ሰጠች ወይስ ልጇን አዳነች? (ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን የተባለው ተከታታይ ፊልም፣ የሲዝን 2 መጨረሻ)

ፀጉር ቤት፣ ፒያሳ ሐዋሳ

መጨረሻውን ያላያችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ። ሁሉንም ነው የማወራው።

ክፍል 8 በእኛ ሰዓት ሰኞ ሐምሌ 29 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወጣ። እኔ ማታ ቤቱን ዘግተን ከሠራተኞቼ ጋር ነው ያየሁት። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ደንበኛ ይበዛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ካስክ ስር የተቀመጠችውም፣ ሹሩባ የምትሠራውም የምትለው አንድ ነው፦ "ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት?" አሊሰንትን ማለታቸው ነው።

እኔ አልስማማም። እናንተስ?

ሰው የያዘው የመጨረሻውን ንግግር ብቻ ነው። የንጉሡ የኤጎንና የወንድሙ የኤመንድ እናት አሊሰንት ተሸፋፍና፣ ማንም ሳያውቅ ድራገንስቶን ትሄዳለች፤ ዙፋኑ የእኔ ነው ብላ የምትዋጋቸው የእንጀራ ልጇ ሬኒራ ያለችበት ደሴት ነው። ኤመንድ ለጦርነት ሲወጣ የከተማውን በር አስከፍትልሻለሁ ትላታለች ሬኒራን። ሬኒራ ይሄ ብቻ አይበቃኝም፣ ኤጎን መሞት አለበት አለች። ኤመንድ ልጇን ገድሎባታልና፣ ልጅ በልጅ። አሊሰንትም በመጨረሻ እሺ አለች። ይከብዳል። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

ግን ከዚያ በፊት የሆነውን አስታውሱ። ኤመንድ ሻርፕ ፖይንት የምትባለውን ከተማ አቃጥሎ ይመለሳል። ቀጥሎ ወደ እህቱ ወደ ሄሌና ሄደ። ዘንዶሽ ላይ ውጪና ከእኔ ጋር ዝመቺ አላት። ሄሌና እኮ በክፍል 1 ትንሹ ልጇን ከአልጋው ላይ ያረዱባት ሴት ናት! ማንንም አላቃጥልም አለችው። እሱ ግን አልተዋትም። እናትየው ይህን ሁሉ ቆማ አየች። የአሊሰንት ነገር ያለቀው እዚያ ጋ ነው። ወንዶቹ ልጆቿ ከእጇ ወጥተዋል። አንዱ፣ ኤጎን፣ በሩክስ ሬስት ጦርነት ተቃጥሎ አልጋ ላይ ወድቋል፣ ሌላው ደግሞ እሷን ራሷን ከምክር ቤቱ አባርሯታል። የቀረችላት ሄሌና ናት። እሷን ለማትረፍ ነው የሄደችው።

በዚያ ላይ ኤጎን ከአማካሪው ከላሪስ ጋር በጋሪ ከከተማው ሲወጣ እኛ አይተናል። አሊሰንት ግን አላወቀችም። እጇ ላይ የሌለ ልጅ ሰጥታ ተመለሰች። ለእኔ ይህ ከየትኛውም ጦርነት ይበልጣል።

ልጅ ከአቶቴ

እህቴ፣ ትወናውን ማን ይክዳል። አሊሰንትንና ሬኒራን የሚጫወቱት ኦሊቪያ ኩክና ኤማ ዳርሲ ሲገናኙ ዓይን መንቀል አይቻልም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው።

ሲዝን 1 ያለቀው ጥቅምት 2015 ላይ ነው። ሁለተኛው የጀመረው ሰኔ 2016። ያን ሁሉ ጊዜ ጠበቅን። ክፍሉ ከ10 ወደ 8 ወረደ። ስምንተኛው ደግሞ ወታደሩ ሲጓዝ፣ መርከቡ ሲንሳፈፍ፣ ዘንዶው ሲነሳ አሳይቶን አለቀ! የኤጎን ምክር ቤት አባል የሆነው ታይላንድ ላኒስተር ጭቃ ውስጥ ሲታገል የፈጀው ጊዜ ያናድዳል። እሱን አሳጥረው መርከቦቹ ሲገጥሙ ትንሽ ቢያሳዩን ምን ነበረበት? ዋና አዘጋጁ ራያን ኮንዳል ትልቁን የባሕር ጦርነት ለቀጣዩ ሲዝን ነው የያዝነው ብሏል። ሲዝን 4 ላይ እንደሚያበቃም ተናግሯል። ይሁን። ግን መጨረሻ ተብሎ የሚለቀቅ ክፍል የሆነ ነገር መጨረስ አለበት። የሲዝን 1 መጨረሻ የኤመንድ ዘንዶ ቫጋር የሬኒራን ልጅ ከነዘንዶው ስትበላው ያየን ዕለት እኮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን ግን ዘግቼ ተኛሁ።

የታሪክ መምህር፣ ታቦር

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመሐላው ነው። በሲዝን 1 የመጀመሪያ ክፍል ጌቶቹ ሁሉ ተንበርክከው አልጋ ወራሽ ናት ብለው ለሬኒራ ማሉ። ንጉሡ አባቷ ሲሞት መሐላው ተረሳ።

ለእኔ ወዲያው የመጣብኝ የእኛው 1909 ዓ.ም. ነው። አጼ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ብለው በግዝት አጽንተው ነበር። መኳንንቱ መስከረም 17 ቀን ሻሩት፤ ዘውዲቱን አነገሡ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዙፋን ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። ስንት ሰው አለቀ። አሊሰንት ሌላውን መንገድ ነው የሞከረችው፤ የልጇን ዙፋን ሰጥታ ጦርነቱን ለማስቀረት። በእኔ አስተያየት ይህ በሚገባ የተጻፈ መጨረሻ ነው።

የሦስት ልጆች እናት

መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል። ንጉሥ ሚካኤል ግን ልጃቸውን አልሰጡም።

ፀጉር ቤቷ፣ አንቺንም ልመልስልሽ። በእኛ አገር ደም ሲኖር ሽማግሌ መሃል ይገባል፣ ጉማ ይከፈላል፣ ይታረቃል። ሁለት እናቶች በር ዘግተው የልጅ ነፍስ አይደራደሩም። ደግሞስ ኤጎንን ማን አነገሠው? አልፈልግም ብሎ ከተደበቀበት ፈልገው፣ ጎትተው ነው ዘውድ የጫኑበት። እንዲፈለግ ሰው የላኩት እሷና አባቷ ናቸው። ዛሬ ልጁ ተቃጥሎ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ውሰዱት ትላለች? ሄሌናን ይዛ መጥፋት ትችል ነበር። ይሄን አልቀበልም።

ፀጉር ቤት፣ ፒያሳ ሐዋሳ

ኤጎንን ከተደበቀበት ጎትተው አነገሡት ያልሽው እውነት ነው፤ ከባድ ነገር ነው ያነሳሽው። ለእኔ ግን ያንን ሸክም ይዛ ነው ድራገንስቶን የሄደችው። ፊቷ ላይ ይታያል።

መጥፋቱን በተመለከተ፣ ሄሌናንና የልጅ ልጇን ይዛ መሄድ እንደምትፈልግ እኮ ለራሷ ለሬኒራ ነግራታለች። ቫጋር እያለች ግን የት ይደርሳሉ? ኤመንድ ከሰማይ ሆኖ ነው የሚፈልጋቸው። ሽማግሌም አልሽ። በክፍል 3 ሬኒራ መነኩሲት መስላ ቤተ መቅደስ ድረስ መጥታ ለመነቻት። ያኔ አሊሰንት ጊዜው አልፏል ብላ መለሰቻት። አሁን ተራው የእሷ ሆነ፤ ያውም ዋጋው ጨምሮ። መሃል የሚገባ ሰው ቢኖር ኖሮ እኮ እስከዚህ ባልደረሱ። አባቷ ኦቶ እንኳን መጨረሻ ላይ ፍርግርግ ውስጥ ታስሮ ነው ያየነው።

የአቶቴው ወንድሜ፣ በክፍሎቹ ማነስ እስማማለሁ። ጭቃውም በዝቷል። ግን ሁሉም ሲዘምት የሚያሳየውን እንደገና እየው። በዚያ ሁሉ ጦር መሃል ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው ቆመው ሰማዩን የሚያዩት። ጽሑፉ የሳራ ሄስ፣ ዝግጅቱ የጊታ ፓቴል ነው። የሴት ዓይን እንዳለበት ያስታውቃል።

ልጅ ከአቶቴ

እሺ፣ ያንን አየዋለሁ። ሄሌና ለኤመንድ እንደሚሞት ስትነግረው ያለውም ቦታ ደስ ብሎኛል፤ ፊቱ ሲለዋወጥ። የባሕሩን ጦርነት ግን አሁንም እፈልጋለሁ።

የሦስት ልጆች እናት

ለሴት ልጇ ብላ ነው ካልሽኝ ልረዳት እሞክራለሁ። አንድ ነገር ግን መልሺልኝ። ሬኒራ ከተማው ስትገባ ኤጎን የለም። አሊሰንት ዋሸችኝ ነው የምትለው፤ ሌላ ምን ትላለች? ያን ጊዜ ሄሌና ያለችው ሬኒራ እጅ ውስጥ ነው። ያቺ ልጅ ምን ትሆናለች?