ልጄ ከሽሮ ሌላ አልበላም አለች፣ ምን ይጎድላታል?

የጣና ዳር እናት፦
ሰላም ቤቶች። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ከሽሮ በእንጀራ ሌላ አፏ አታስገባም። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፣ ዓሣው ደጃችን ላይ፣ እሷ ግን ሽታው ሲደርሳት ትሸሻለች። በጣም ጨንቆኛል።

ሽሮ ወዳድ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሽሮን አትናቂው። ሰውነት የሚገነባ ፕሮቲን አለው። ጤፍ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ሽሮው ያንን ይሞላለታል፣ ስለዚህ አብረው ሲበሉ በጣም ይሻላል። ጉልበት የሚሰጣት እንጀራው ነው። ዘይትም ጨመር አድርጊ፤ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፣ እንጀራው ውስጥ ያለው ስታርች ግን 4 ብቻ።

ነርሷ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ቫይታሚን ቢ12 ነው። ለደምና ለነርቭ ያስፈልጋል፣ በተፈጥሮ የሚገኘው ደግሞ ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ ነው። ዓሣ እምቢ ካለች እንቁላል ወይ ወተት ስጫት። ሌላው፣ ከምግብ ጋር ሻይ አትስጫት እባክሽ! የሽሮውን ብረት (አይረን የሚባለውን ማዕድን) ሰውነቷ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። በምትኩ ብርቱካን ወይ ፓፓያ ይሁን፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

የዘጌ ልጅ፦
የእኔም ልጅ እንደዚሁ ነበር። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሎሚ አሽቼ ቀቀልኩት፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀምኩና ትንሽ ትንሽ ሽሮው ውስጥ ፈተፈትኩለት። በላው።