«ቅዳሴውን ልየው?» አለች፤ አያቴ «ቅዳሴ አይታይም» አሏት

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁም። ውጭ አገር ተወልዳ ያደገች የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን እኛ ቤት ናት። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው። ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ከእናቷ አፍ ያልሰማችው ቃል ሲመጣ ግን ትቆማለች። ሐሙስ ማታ እራት ላይ «እሑድ መጥቼ ቅዳሴውን ልየው?» አለች። አያታችን የጠቀለሉትን ጉርሻ እንደያዙ «ልጄ፣ ቅዳሴ አይታይም» አሏት። ልጅቷ የተከለከለች መስሏት ፊቷ ቀላ። አያቴ ቃሉን ማረማቸው እንጂ መከልከላቸው አልነበረም። «ታዲያ ምን ይደረጋል?» ስላቸው «ያስቀድሱታል» አሉና ጉርሻቸውን ጎረሱ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ቄሱ ቀደሱ፣ እኔ አስቀደስኩ ነው የምንለው። ይህ «አስ» ከየት መጣ? ለልጅቷም መጀመሪያ ቀን ጆሮዋ ላይ የሚወድቁትን ቃላት ጽፌ ልሰጣት አስቤያለሁና የምታውቁትን አካፍሉኝ።

የቆሎ ተማሪ የነበረ አባል፣ ከተጉለት፦

እህቴ፣ አያትሽ በአንድ ቃል ብዙ ነገር ነው የተናገሩት። «አስ» አስደራጊ ናት። ሰፊው ይሰፋል፣ ባለ ልብሱ ያሰፋል። ግንበኛው ይሠራል፣ ባለ ቤቱ ያሠራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጪም ካህኑ ፍትሐት ይፈታል፣ ባለ ሐዘኑ ያስፈታል፤ ሕፃኑ ክርስትና ይነሣል፣ እናት አባቱ ያስነሡታል። እንግዲህ ካህኑ ይቀድሳል፣ ምእመኑ ያስቀድሳል። ሥራው የሚከናወነው በሌላው እጅ ነው፤ ጉዳዩ ግን የአስቀዳሹ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ እንድታነቢልኝ እፈልጋለሁ፤ ለእንግዳዋ ከሁሉ የሚጠቅማት ይህ ይመስለኛልና። ቄስ ብቻውን አይቀድስም። ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት። እነሱም ቢሟሉ መጽሐፈ ቅዳሴው ራሱ ሕዝቡን ይጠብቃል። ገልጠሽ ብታዪ በየመሥመሩ መጀመሪያ ይ.ካ፣ ይ.ዲ፣ ይ.ሕ የሚሉ ምልክቶች ታገኛለሽ። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበሉ ሕዝብ ማለት ነው። ሕዝቡ የሚመልሰው ተሰጥዎ ይባላል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ይላል፣ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብሎ ይመልሳል፤ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ይላል፣ ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ»። የሕዝቡ መሥመር ባዶ ቢቀር ንግግሩ አንድ እጁን ያጣል። አያትሽ «አይታይም» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። የሚያይ ሰው ከውጭ ነው፣ የሚያስቀድስ ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ የራሱ ፊደል አለው።

ልጅቷ ግእዙን ባታውቅ አትጨነቅ። «ተንሥኡ» የእኛው «ተነሡ» ነው፤ «ትንሣኤ»ም ከዚያው ሥር ነው። «እግዚኦ» ማለት «አቤቱ ጌታ ሆይ» ነው። በምሕላ ጊዜ 41 ጊዜ ሲደጋገም በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ እናቶች ታያለች። በየቀኑ ንግግራችን «እግዚኦ የሚያሰኝ ነገር» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

አባል፣ ከይፋት፦

ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፤ «ማየት»ን ግን ጨርሰን አናባር። እኛ ዘንድ «ንግሥ ላይ ሄድኩ» ስንል እንደ ሥፍራም እንደ ማየትም ይሰማል፤ «ጥምቀትን አየሁ»፣ «ታቦት ሲወጣ አየሁ» ማለትም ነውር የለበትም። ታቦቱ ወጥቶ፣ ከበሮው ተመትቶ፣ አገር ሁሉ አደባባይ ሲሆን ይታያል። አያቲቱ ያረሙት ቅዳሴን ለይተው ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበረው፦

እውነትህን ነው፤ ተቀብያለሁ። ለንግሥ «ማየት» ይሆናል።

አባል፣ ከመንዝ፦

እኔ ደግሞ በሦስት ግሦች መካከል ያለውን ልዩነት ልጨምር፤ እንግዳ ሰው የሚደናገረው እዚያ ላይ ነው። «ተሳልሜ መጣሁ» ያለ ሰው ደጁን ስሞ፣ ጸሎቱን አድርሶ ተመልሷል ማለት ነው። ሰዓቱ አጭር ሊሆን ይችላል። ተሳለመ ከ«ሰላም» ነው፤ ሰላምታ እንደ ማቅረብ ነው። «ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ቃሉ እንደ ምሳሌ ብቻ እንዳይወሰድ፦ ሰው በእውነት የደጁን መቃን በከንፈሩ ይስማል። «ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት» ከተባለች ግን ሳታጓድል የምትመላለስ ሴት ማለት ነው። ከአውቶቡስ መስኮት ደብሩን አይቶ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያማትብ ሰውም በሩቁ ተሳለመ ይባላል።

«አስቀድሼ መጣሁ» ያለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሟል። «ቆረብኩ» ያለ ሥጋ ወደሙን ተቀብሏል። ይህኛው የራሱ ዝግጅት አለው፤ ንስሓ አባት፣ ንስሓ፣ የ18 ሰዓት ጾም። እንግዳዋ ይህን ቀድማ ብታውቅ ደግ ነው። ድርገት ሲወርዱ፣ ማለትም ካህናቱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ሲወጡ፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ወደ ፊት ሲሄዱ እሷ ባለችበት ብትቆም ማንም ዞሮ አያያትም። ከቆመው ሕዝብ ብዙው የማይቆርብ ነው።

ሌላም አለ። በቅጥሩ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር፣ ከቤተ መቅደሱ ውጭ ቆመው የሚያስቀድሱ ሰዎች ታያለች። በአፍአ ቆሙ ይባላል። «አፍአ» በግእዝ «ውጭ» ነው። እነሱም አስቀዳሾች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሰው መግባት ከከበደው እዚያ ይቁም።

ጠያቂዋ፦

አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ሌላ ነገር መጣ። ልጅቷ የቅዳሴውን ትርጉም በስልኳ ስታነብ አመሸችና «ዲያቆኑ ውጡ የሚልበት ቦታ አለ፤ እኔን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

የቆሎ ተማሪ የነበረው፦

«ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» የሚለውን አግኝታ ነው። «ፃኡ» ከወፅአ ነው፣ የእኛ «ወጣ»። «ንዑስ» ትንሽ ማለት ነው፤ ንዑስ ኮሚቴ፣ ንዑስ ክፍል እንደምንለው። ንዑሰ ክርስቲያን የሚባለው እምነቱን እየተማረ ገና ያልተጠመቀ ሰው ነው። በጥንቱ ሥርዓት ወንጌል እስኪነበብ ይቆይና ከዚያ በኋላ ይወጣ ነበር። የአክስትሽ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ከሆነ ቃሉ እሷን አይመለከትም። ያልተጠመቀ እንግዳ ቢሆንም እንኳ ቃሉ የስድብ ቃል አይደለም፤ ለተማሪ የተሰጠ የክብር ስም ነው። እስከ ወንጌል ያለው የቅዳሴ ክፍል የትምህርት ክፍል ነው፤ የጳውሎስ መልእክት፣ የሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባክ፣ ወንጌል ይሰማበታል። ንዑሰ ክርስቲያኑ ለዚያ የተጋበዘ ሰው ነበር።

ሌላ የሚያሳስት ቃል ልንገርሽ። ቅዳሴው ጠለቅ ካለ በኋላ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል። እኔ ልጅ ሳለሁ «የነበራችሁ ተነሡ» ማለት ይመስለኝ ነበር። የኔታ ሲያርሙኝ ወንበራቸውን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ወንበር» አልኳቸው። «ለምን ወንበር ተባለ?» አሉና ዝም አሉ። እዚያው ገባኝ። በግእዝ «ነበረ» ተቀመጠ ነው፤ መንበርም ወንበርም ከዚያ ወጡ። አማርኛ መቀመጡን ትቶ መኖሩን ወሰደ። ስለዚህ ቃሉ «የተቀመጣችሁ ተነሡ» ነው። ቀጥሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይመጣል፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። መነጽር የምንለው ከዚሁ «ነጸረ» ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያቀናል።

እናት፣ ከአንኮበር፦

ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ቃሉ ስትነጋገሩ እኔ ስለ እግሯ አሰብኩ። ደብረ ብርሃን ነው እኮ! የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ድንጋዩን በረዶ ያደርገዋል። ጫማ ይወለቃል፤ ሙሴም «ጫማህን ከእግርህ አውጣ» ተብሏል። ወፍራም ካልሲ ታድርግ፤ ጫማዋንም የምትይዝበት ፌስታል ትያዝ። ነጠላውን አንቺ አጣፊላት፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ነው የሚለበሰው። ጥለቱ ወደ ፊት ዞሮ ትከሻ ላይ ከወጣ የሐዘን ይሆናል፤ ባታውቅ አይፈረድባትም። ሴቶች በደቡብ በኩል ነን፣ ወንዶች በሰሜን፤ ወደ መቅደሱ ዞራ ስትቆም በቀኝ በኩል ማለት ነው።

መቆሙ ከደከማት ትቀመጥ። ዲያቆኑ ሲያስነሣ መነሣት ነው እንጂ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ካህኑ መስቀል ሲያሳልሙ ግንባሯን ያስነኳታል፣ ከዚያ ትሳመዋለች፤ «ይፍቱኝ» ትበል። ከኃጢአት እስራት ፍቱኝ ማለት ነው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይሏታል። ከዚያ ውጭ የሚታደለው ዳቦ መክፈልት ነው። ቁርባን መስሏት እንዳትፈራው፤ ተቀብላ ትቅመሰው።

አባል፣ ከሞረት፦

አንድ ቃል ብቻ፦ «አሐዱ»። ቅዳሴው የሚከፈተው ካህኑ «አሐዱ አብ ቅዱስ» ሲሉ ነው። «ሥራውን አሐዱ አለ» የምንለው ከዚያ ነው። ሰዓት ብትጠይቁም «ቅዳሴ ገብቷል»፣ «ቅዳሴ ወጥቷል» እንላለን፤ በአገራችን ገበያ የሚቀጣጠር ሰው «ቅዳሴ ሲወጣ እንገናኝ» ይላል። ልጅቷ «ገባ» ሲባል ስትሰማ ማን ገባ ብላ እንዳትፈልግ።

ጠያቂዋ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፦

ሄድን። ሌሊቱ ሳይነጋ አያቴ በበራፉ ላይ ቆመው «ተነሺ፣ ተነሺ» ሲሏት ልጅቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ተንሥኡ!» ብላ መለሰችላቸው። አያቴ ሳቁ።

በመንገድ ላይ «ደብሩ የታለ? ደብር ተራራ ነው ብለሽኛል፤ እዚህ ሜዳ ነው» አለችኝ። ትናንት የነገርኳትን ይዛው ነው። በግእዝ ደብር ተራራ ነው፤ ደብረ ሲና፣ ደብረ ሊባኖስ ስንል ተራሮቹን እየጠራን ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ በ15ኛው መቶ ዘመን አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምክንያት አድርገው የሰየሙት ነው። ቃሉ ከተራራው ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑን ራሱን ስለያዘ ሜዳ ላይ ያለውም ደብር ይባላል አልኳት።

ውስጥ ገብተን በደቡብ በኩል ቆምን። ብዙውን አልተከተለችም፤ ዜማው ረጅም ነው። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ባለ ቁጥር ግን ቀና ትላለች። ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ከአያቴ ጋር እኩል «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ «ሣ»ን እንደ አያቴ ጎተት አድርጋ ነው ያለችው። ወንጌሉ ሲነበብ በአማርኛ ስለነበር አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። «ፃኡ» ሲባል ወደ እኔ ዞረች፤ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩላት፣ ቆመች። ሲያልቅ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» አለ። «አተወ» ወደ ቤቱ ገባ ነው፤ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ። ይህን አልጻፍኩላትም ነበርና እዚያው ቆሜ ነገርኳት።

እናታችን ያሉት መክፈልት እጇ ሲገባ ግማሹን በልታ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለእናቷ ልትወስድላት ነው፣ በአውሮፕላን! ቤት ስንደርስ ለእናቷ ደወለች። «ከአያቴ ጋር አስቀድሰን መጣን» አለቻት። በሌላው ጫፍ አክስቴ «ምን አልሽ? ድገሚው» ስትል ሰማኋት።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። የሚመጣው እሑድ የሰንበቴው፣ ማለትም በሰንበት በተራ የሚደገስበት ማኅበር፣ ተራ የአያቴ ነው። ጠላው ተጠምቋል። ልጅቷ «እኛ ቤት እኮ ነው የሚጠመቀው፤ ለምን ሰንበቴ 'ደረሰን' ትላላችሁ?» አለችኝ። የሰንበቴና የማኅበር ቃላት የምታውቁ፣ ተረኛ፣ ሙሴ (የማኅበሩ መሪ የሚባልበትን)፣ ጽዋ፣ ሁሉንም ከሰንበት በፊት ብትልኩልኝ።

አባል፣ ከመንዝ፦

ከ«ጽዋ» ልጀምርልሽ፤ «ደረሰን»ን ነገ እመለስበታለሁ። ጽዋ ዕቃው ነው፣ የሚጠጣበት። ማኅበርተኛው ተራው ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል፤ «ጽዋ ተቀበለ» ከተባለ በሚመጣው ወር ማኅበሩ እሱ ቤት ነው ማለት ነው። የአክስትሽ ልጅ እስከዚያ ከሰነበተች ጽዋው ሲወጣ አያትሽን ታግዛቸው፤ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።