ልጄን የዩኒቨርሲቲ ሆኪ ቡድን ወስዷታል፤ የኪራይ ውሉን ልፈርም ወይስ ዶርም ትግባ?

ዊኒፔግ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ኦንታሪዮ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለነርሲንግ ተቀብሏታል፤ የሴቶች አይስ ሆኪ ቡድኑም በተከላካይነት ወስዷታል። በዓመት የሚሰጣት ገንዘብ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ምን ምን እንደሚሸፍን ግን አይልም። አሁን ያስጨነቀኝ ቤቱ ነው። ነባሮቹ ተጫዋቾች ከግቢ ውጭ ለአምስት በተከራዩት ቤት አንድ ክፍል ስላለ እሷም እንድትገባ ጠይቀዋታል። ውሉ ከሜይ 1 ጀምሮ የ12 ወር ነው፤ ወላጅ ዋስ ሆኖ መፈረም አለበት፤ እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋሉ። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ዶርም ይሰጣል። የቱ ይሻላታል? ገንዘቡስ ኪራይ ይችላል? ሌላው፣ ሁላችንም ፒአር (የካናዳ ቋሚ ነዋሪ) ነን፣ ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ነው፤ ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ አሜሪካ ይሻገራል መባሉ አሳስቦኛል።

ሃሚልተን፦
እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ምንም ነገር ከመፈረምሽ በፊት የቡድኑን የዓመት ካላንደር አስልኪ። ኪራዩም፣ ምግቡም፣ የትምህርት ፕሮግራሙም የሚወሰነው በሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ስፖርት እዚህ ዩ ስፖርትስ በሚባለው ማኅበር ሥር ነው፤ ኦንታሪዮ፣ ኩቤክ፣ አትላንቲክና ካናዳ ዌስት ተብሎ በአራት ይከፈላል። ልምምድ ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ክፍል ሳይጀመር ይከፈታል። ሴፕቴምበር በወዳጅነት ጨዋታ ያልፍና መደበኛው ውድድር ኦክቶበር ውስጥ ይጀምራል። ዲሴምበር ላይ ለፈተና ይቆማል፤ ጃንዋሪ ተመልሶ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ይሄዳል። ከዚያ ጥሎ ማለፉ ነው። የኦንታሪዮው ዋንጫ ማካው ካፕ ይባላል። ማርች ላይ 8 ቡድኖች አንድ ከተማ ተሰብስበው ለጎልደን ፓዝ ዋንጫ ይጋጠማሉ። ውድድሩ ከ1998 ጀምሮ አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው፤ አልበርታ 8 ጊዜ በልቶታል፤ ከኦንታሪዮ ጉዌልፍ በ2019 ወስዶታል።

ሳምንቱ ሲታይ፦ በረዶ ላይ ሦስት ወይም አራት ልምምድ፣ ሁለት ቀን ክብደት፣ አንድ ጊዜ ቪዲዮ፣ ዓርብና ቅዳሜ ጨዋታ። የኦንታሪዮ ጉዞ በአውቶቡስ ነው። ከኖርዝ ቤይ እስከ ዊንዘር 700 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የዓርብ ጨዋታ ሐሙስን ጭምር ይበላል።

እዚህ ላይ ነው የዶርሙ ችግር። የዶርም ውል ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ብቻ ስለሆነ የበጋ ኪራይ አትከፍሉም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን ብዙ ዶርሞች የፈረንጆች ገና ሲደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ፣ የምግብ ቤቱ ካርድም አብሮ ይቆማል። ቡድኑ ግን ልምምድ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ክፍል ከመከፈቱ በፊት ነው። በነዚያ ቀናት የት እንደምታድርና ማን እንደሚመግባት ለአሰልጣኟ በኢሜይል ጻፊ፤ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። አንዳንዱ ቡድን ሆቴል ይይዛል፣ አንዳንዱ ነባሮቹ ቤት ያሳድራል፣ አንዳንዱ ደግሞ እስኪጠየቅ ዝም ይላል።

የ12 ወሩ ውል ላይ ማንበብ ያለብሽ አንድ መስመር አለ፦ አምስቱም በአንድ ውል የሚፈርሙ ከሆነ አንዷ ትታ ስትሄድ የሷ ኪራይ ለቀሩት ይተርፋል፣ ዋስ የሆነ ወላጅም አብሮ ይጠየቃል። ለየክፍሉ የተለያየ ውል መሆኑን አረጋግጪ። ኦንታሪዮ ውስጥ አከራይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ወር ኪራይ መጠየቅ ይችላል፤ «ለዕቃ ብልሽት» ብሎ ተጨማሪ ማስያዝ ግን ሕጉ አይፈቅድለትም። ከሜይ እስከ ኦገስት ባዶ ክፍል እንዳትከፍሉ ለሌላ ሰው ማከራየት ይቻላል፣ አከራዩም ያለ በቂ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። ሆኖም በተማሪ ከተማ ሁሉም በዚያው ወር ስለሚወጣ ዋጋው ይወድቃል።

ሚኒያፖሊስ፦
ይቅርታ ግን ልጅቷን ወደዚህ ብትልኳት ይሄ ሁሉ ባልመጣ። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) አንደኛ ዲቪዥን ሙሉ ስኮላርሺፕ ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና መጻሕፍቱን ይሸፍናል። የሴቶች የሆኪ ሻምፒዮና ከ2001 ጀምሮ ሲካሄድ የመጀመሪያው አሸናፊ እዚሁ ያለው ሚኒሶታ ዱሉት ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በ1972 በወጣው ታይትል ናይን በሚባለው ሕግ ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሴቶችን በስፖርት ዕድል እንዳያገል ያስገድዳል። የኔ ምክር፦ ቪዲዮዋን ቆርጣችሁ ለአሰልጣኞች ላኩ፣ የኤንሲኤኤ ኤሊጂቢሊቲ ሴንተር ላይ አስመዝግቧት፣ የሃይስኩል ውጤቷን ላኩ።

ሃሚልተን፦
ወንድሜ፣ የተናገርከው ትክክል ነው፤ ግን ሁሉም አንደኛ ዲቪዥን ሙሉ አይሰጥም። አይቪ ሊግ የሚባሉት ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ አይሰጡም፣ ሦስተኛ ዲቪዥንም አይሰጥም። ደግሞ የልጅቷ ደብዳቤ እጇ ላይ ነው፤ ሴፕቴምበር ትጀምራለች።

ወደ ካናዳው ስመለስ፦ የዩ ስፖርትስ የአትሌት ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ክፍያና ከግዴታ ክፍያዎች አያልፍም። ኦንታሪዮ ውስጥ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ እህቴ፣ ኪራዩን ከዚህ ብር አትጠብቂ፤ ኪራይ ከተማሪ ብድር፣ ከበጋ ሥራና ከናንተ ኪስ ነው የሚመጣው። ፒአር ስለሆናችሁ የአገሬውን ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ለብድርም ብቁ ናት። ድጋፉ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን፣ የሚፈለገው አማካይ ውጤት ስንት እንደሆነ፣ ብትጎዳስ ይቀጥል እንደሆነ ጠይቂ። በታክስ በኩል ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆነች አይነካም፤ ቲ4ኤ የሚባለው ወረቀት ሲመጣ ሳጥን 105 ላይ ታገኙታላችሁ።

የመጫወት መብቷ አምስት ዓመት ነው። በሚጫወቱበት ተርም ቢያንስ 3 ኮርስ መመዝገብ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዓመቱ 18 ክሬዲት ማለፍ ግዴታ ነው። ሌላ ትምህርት ቢሆን በመኸር 4 ኮርስ ወስዳ አንዱን ለበጋ ታስተላልፍ ነበር። ነርሲንግ ግን አብሮ የገባው ቡድን አብሮ የሚሄድበት ትምህርት ነው፤ ኮርሱ አይገፋም። ከባዱ የሆስፒታል ልምምዱ ነው። የ12 ሰዓት ፈረቃ ዓርብ ላይ ከወደቀ አውቶቡሱ ያመልጣታል፣ የቀረችበት ሰዓት ደግሞ መካካስ አለበት። አመዳደቡ ከመውጣቱ በፊት ለክሊኒካል አስተባባሪዋ የጨዋታ ካላንደሩን ይዛ ትሂድና ማክሰኞና ረቡዕ ይመደብልኝ ትበል። ከወጣ በኋላ መለወጥ ጭንቅ ነው።

ኦታዋ፦
እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ጥሩ የበረዶ ጫማ ከ1,000 ዶላር በላይ፣ አንድ ዱላ ከ300 በላይ፤ ዱላውም አንድ ጨዋታ ላይ ሊሰበር ይችላል። አገር ቤት ስንቱ በዚህ ብር ልጁን ዓመት ያስተምራል። ወላጅ ከወር ደመወዙ ለእናቱ የሚልከውን ቀንሶ ለጨዋታ ሲከፍል ያሳዝናል። የኛም ዱላና ጥንግ ነበረን፤ በገና ሜዳ ላይ ስኮላርሺፕ የጠየቀ የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን ነው ያደግነው።

ኤድመንተን፦
ጋሼ፣ ለእናት መላክን ማንም አይቃወምም፤ ግን ሂሳቡ እርስዎ እንዳሉት አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ አብዛኛውን ዕቃ ቡድኑ ይችላል። ዱላ፣ ጓንት፣ ሄልሜትና ሱሪ ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ነው፤ ጫማው ላይ ቡድኖች ይለያያሉ። ስለዚህ አሁን አዲስ ነገር አትግዙላት፤ ከዕቃ ኃላፊው የሚሰጠውን ዝርዝር ጠብቁ።

ጫማውን ራሷ የምትገዛ ከሆነ ግን በኢንተርኔት አታዙ። ሱቁ ምድጃ ውስጥ አሙቆ እግሯ ላይ ያስረዋል፤ በዚያው ቀን በረዶ ላይ አይወጣበትም። ስለቱን ምን ያህል ጎድጎድ ተደርጎ እንደሚሳል ትወቅ፤ ግማሽ ኢንች የሚባለው የመሳያ ልክ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። ጎድጓዳው ሲጠልቅ በረዶውን ይይዛል፣ እግር ግን ቶሎ ይደክማል። ከጨዋታ በኋላ የስለቱን ውኃ ጠርጋ የጨርቅ ልባስ ታልብስበት፤ ጠንካራውን ፕላስቲክ አልብሳ ካስቀመጠችው ዝገት ይዞ ያድራል። ዕቃው ቦርሳ ውስጥ እንዳለ አይደር። አውጥታ ካላሰጣችው ይሻግታል፣ ቆዳዋም ላይ ሽፍታ ያመጣል።

የወረቀቱን ጉዳይ ደግሞ ዛሬ ነገ አትበሉ። ልጅቷ 18 ሳይሞላት ከወላጇ ጋር አብራ ለዜግነት ብታመለክት እሷ ካናዳ ውስጥ 1,095 ቀን ኖራለች ወይ ተብላ አትጠየቅም፣ ፈተናም የለባትም፣ ክፍያዋም 100 ዶላር ነው። ቀኑን ማሟላት ያለበት ወላጁ ነው። 18 ከሞላት በኋላ በራሷ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትታየው። ኢትዮጵያ ድርብ ዜግነት ስለማትፈቅድ ከዚያ በኋላ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው የምትይዘው፤ ተነጋገሩበት። እስከዚያው በኢትዮጵያ ፓስፖርት አሜሪካ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋታል፤ ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ቅጽ ሞልታ 185 ዶላር ከፍላ ቀጠሮ ትያዝ። ቀጠሮው ወራት ሊወስድ ስለሚችል የጉዞውን ቀን ከአሰልጣኟ አሁኑኑ ጠይቁ። ስትመለስ የፒአር ካርዷ ያላለፈበት ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የዩኒቨርሲቲ አትሌት ለአበረታች መድኃኒት ትመረመራለች። አስም ካለባት ወደ ውስጥ የሚተነፈሰው ሳልቡታሞል የሚባለው መድኃኒት የተፈቀደ ነው፣ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ 1,600 ማይክሮግራም፣ በ8 ሰዓት ውስጥ ደግሞ 600 እንዳያልፍ። በረዶ ሜዳ ላይ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ስላለ ትንፋሽ ማጠር የተለመደ ነውና ይህን ማወቅ አለባት። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲንና ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፤ ዘመድ ቤት በእንግድነት ሲቀርብ «ቅጠል ነው» ተብሎ አይወሰድ።

ቶሮንቶ፦
ስለ ምግቡ ማንም ሳያነሳ እንዳይቀር። ጥሎ ማለፉ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። በ2025 ጾሙ የገባው ፌብሩዋሪ 24 ነበር፤ በ2026 ፌብሩዋሪ 16። ልጅቷ ትጾማለች ወይስ «ቡድኑ ነው» ተብሎ ይታለፋል? አንዴ ከተተወ አይመለስም።

ኤድመንተን፦
ወንድሜ፣ ለዚህ ነፍስ አባት አሉ። ግን መጾም ከፈለገች ይቻላል፤ ሥርዓት ነው የሚፈልገው። የምሽት ጨዋታ በኛ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ነው። ከጨዋታ በፊት ያለው ዋና ምግብ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቀድሞ ይበላል፤ ማለትም 9 ሰዓት ላይ። ጾም ከሚፈታበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። የሚያስቸግረው የጠዋቱ የክብደት ልምምድ ነው። ባዶ ሆድ ክብደት ማንሳት፣ በተለይ በተከታታይ ሳምንታት፣ ጉልበቷን ይጨርሳል።

ፕሮቲኑ ላይ አተኩሩ። 65 ኪሎ የምትመዝን ተጫዋች በቀን ከ90 እስከ 130 ግራም ያስፈልጋታል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አካባቢ፣ ሽምብራ 15 ግራም አካባቢ ነው፤ በሽሮ ብቻ አይሞላም፣ ቶፉና የአኩሪ አተር ወተት ይግቡበት። አይረኗን የቡድኑ ሐኪም ጾም ከመግባቱ በፊት ይለካት። ምስር በልቶ ወዲያው ቡና መጠጣት አይረኑ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ምግቡ ላይ ቃሪያና ሎሚ ይኑር።

ቶሮንቶ፦
ስለ ግራም አይደለም የተናገርኩት። ልጆቻችን እዚህ ሲያድጉ መጀመሪያ የሚለቁት ጾሙን ነው። ነፍስ አባት የሚፈቅዱት ለታመመ፣ ለደከመ መንገደኛ ነው፤ ስፖርት በፈቃድ የሚሠራ ነገር ነው።

ሃሚልተን፦
በፈቃድ የሚሠራ ቢሆንም ትምህርቷን የሚያግዘው እሱ ነው። 700 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄዳ የምትጫወት ልጅ መንገደኛ ካልሆነች ማን ነው መንገደኛ? የአውቶቡሱን ምግብ የሚያዘው ሥራ አስኪያጅ የጾም ምግብ እንዲጨምር አስቀድሞ ቢነገረው አያስቸግርም፤ ቪጋን ብላችሁ ጻፉ። ካልተነገረው ግን ፒዛ ነው የሚመጣው።

ሚኒያፖሊስ፦
እኔ አሁንም በኤንሲኤኤ እጸናለሁ። ለወደፊቱም ፒደብሊውኤችኤል የሚባለው የሴቶች ሊግ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አለ፤ ተጫዋቾቹን ባብዛኛው ከዚሁ ነው የሚመርጠው።

ሃሚልተን፦
ከዩ ስፖርትስም ይመርጣል። የዚያ ሊግ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ሲጀመር 35,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ነርስ ግን ከዚያ በላይ ታገኛለች። ዲግሪውን ነው የምንጠብቀው።

ዊኒፔግ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዜግነቱን ነገ እጀምራለሁ፣ ለክሊኒካል አስተባባሪዋም እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። ስለ ጾሙ እሷና ነፍስ አባቷ ይነጋገሩ። ውሉን አየሁት፤ አምስቱም በአንድ ላይ ነው የሚፈርሙት፣ ለየክፍሉ አይደለም። አከራዩ ለየብቻ አላደርግም ብሏል። ዶርሙ በዲሴምበር የሚዘጋበትን ቀን ጠይቄ መልስ አልመጣልኝም። ዓርብ ሳይደርስ ምን ላድርግ?

ቶሮንቶ፦
መንገደኛ የሚለውን እንዲህ ከተረጎምነው ማንም የሚጾም አይኖርም፣ ወንድሜ ሃሚልተን።

ሃሚልተን፦
እህቴ፣ በአንድ ላይ ከሆነ እኔ አልፈርምም ነበር። ዶርሙን ያዢ፤ የዲሴምበሩን ግን የዶርም ቢሮውን ሳይሆን አሰልጣኟን ጠይቂ። ቶሮንቶ፣ ለአንተ በሌላ ቀን እመልሳለሁ።