«ኳራንቲን» እስር ነው እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «ኳራንቲን» ከየት የመጣ ቃል ነው? አንድ ወዳጄ «እስር ማለት ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ።

ቀለም ወዳድ፦ ቃሉ የጣሊያኗ የቬኒስ ነው ወንድሜ። «ኳራንታ» አርባ ነው፤ አርባ ቀን ለማለት። ሐሳቡ ግን የተጀመረው ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ ዱብሮቭኒክ በምትባለው የክሮኤሺያ ወደብ፣ በራጉዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 የከተማዋ ምክር ቤት ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው መርካን ደሴት ላይ ወይም ጻቭታት ከተማ አንድ ወር ሳይቆይ እንዳይገባ ደነገገ። አርባው በኋላ የመጣ ነው።

ወዳጅህ የራጉዛን አቀማመጥ ቢያይ እስር አይልም ነበር። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር። የሚታረስ መሬቷ እፍኝ አይሞላም። እህሏ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ዓለት ፈልፍላ 15 የእህል ጉድጓዶች ያሠራችውም ለዚሁ ነው። ከባልካን ደግሞ ሲራራ ነጋዴው ቆዳ፣ ሱፍና ሰም ጭኖ ይወርዳል። በሯን ብትዘጋ ረሃብ፣ ብትከፍት ወረርሽኝ። ኳራንቲን የተወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው። ንግዱ እንዳይቆም የተፈለገ መላ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

የወደብ ልጅ፦ ልጨምርበት። ቬኒስ በ1423 ለወረርሽኝ በሽተኞች አንድ ደሴት ለየች። በ1468 ደግሞ ከተጠረጠረ አገር የመጡ መርከቦች የሚቆዩበት ሌላ ደሴት መደበች። እዚያ ሰው ብቻ አልነበረም የሚቆየው። ጥጡና ሱፉ እየተፈታ ነፋስ ይመታዋል፣ በጥድ ጭስ ይታጠናል። ነጋዴዎች ተራቸውን ሲጠብቁ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የጻፉት ዛሬም ይነበባል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው። እስረኛ አይደሉም፤ ዕቃቸው ወደ ገበያ እስኪገባ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው።

ጠያቂ፦ ታዲያ አፋር ያለው የሚሌው የእንስሳት ኳራንቲንም ያው ነው በሉኛ?

ቀለም ወዳድ፦ አዎ፣ ያው ነው። ከብቱ ወደ ውጭ ከመጫኑ በፊት የሚቆየው ጤናው ተረጋግጦ ገዢ አገር እንዲቀበለው ነው። ለዚህ ነው «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን የምወደው። ማቆየት ውስጥ መልቀቅም አለ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። አሁኑኑ ልልክለት ነው።