ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ዳታው ግን አይንቀሳቀስም። በስልክ እንዴት እንለካው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በስምንት አንድሮይድ ስልኮች የሰፈራችንን ኔትወርክ ሁለት ሳምንት መዘገብን። አርኤስአርፒው (ስልኩ የሚቀበለው የሲግናል ጥንካሬ) ከማይነስ 85 ዲቢኤም አይወርድም፣ ጥሩ የሚባል ነው፣ ማታ ግን ቪዲዮ ቀርቶ ጽሑፍ መላክ ያቅታል። ምን ብንለካ ነው ኦፕሬተሩ የሚሰማን?

መልስ 1፦ ስልኮቹ ትክክል ናቸው ወንድሜ። አርኤስአርፒ የሲግናሉን ጥንካሬ እንጂ ጥራቱን አይነግርህም። ኤስአይኤንአርንም መዝግቡ፤ ሲግናሉ ከጎረቤት አንቴናዎች ረብሻ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየው እሱ ነው። ከ20 ዲቢ በላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ወደ 0 ሲጠጋ ግን ዳታው ይንፏቀቃል። ጥንካሬው ጥሩ ሆኖ ኤስአይኤንአሩ ከወረደ ችግሩ ረብሻ ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ሆነው ፍጥነቱ ማታ ብቻ ከሞተ ደግሞ ሴሉ (አንዱ አንቴና የሚሸፍነው ክልል) በሰው ብዛት ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል።

መልስ 2፦ አመዘጋገባችሁንም ፈትሹ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ የምትመዘግቡበት አፕ አዲስ ንባብ ካልጠየቀ ቀድሞ የተቀመጠውን ነው የሚሰጣችሁ፣ እኔ በዚህ ብዙ ቀን አቃጥያለሁ። የሎኬሽን ፈቃድም የግድ ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም፣ ሞዴሎችም ይለያያሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ስልክ ከራሱ ጋር አወዳድሩ። አማካይ ብቻ አትያዙ፤ የማታውን መከራ የቀኑ ጥሩ ቁጥር ይሸፍነዋል።

መልስ 3፦ እኔ ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ። "ኔትወርክ የለም" የሚል አቤቱታ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። የሴሉን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን ስጧቸው። መጨናነቅ ከሆነ ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ያካፍላሉ ወይም አቅም ይጨምራሉ። ረብሻ ከሆነ ደግሞ አንዳንዴ አንቴናውን ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል ይበቃል። እነሱም ከተጠቃሚ ስልክ መረጃ መሰብሰብ ይችላሉ፣ ኤምዲቲ ይባላል፣ በመኪና እየዞሩ መለካትን ለመቀነስ ከሞባይል ኔትወርክ ስታንዳርዱ 10ኛ እትም (ሪሊዝ 10) ጀምሮ የገባ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አፑን አስተካክለን አምስት ቀን ለካን። ኤስአይኤንአሩ ማታም 15 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ረብሻ አይመስልም፤ ፒንጉ (መልእክት ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ) ግን ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ከ40 ወደ 600 ሚሊሰከንድ ይዘላል፣ ያውም አንድ ሴል ላይ ብቻ። የሴሉን ቁጥር ከነሰዓቱ ዛሬ ልከናል። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።