የላብራቶሪ (ላብ) ውጤት ለምን በቀጥታ ወደ በሽታ ቅኝት አይገባም?

የቆላው ላብ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው የምሠራው። ወባ ሲበዛ ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ፣ የቅኝት ባለሙያው ደግሞ መጥቶ በጣቱ እየቆጠረ ሳምንታዊ ቅጹ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ወረዳ ይሄዳል። ባለፈው ሁለቱ የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረሙና ቫይቫክሱ፣ ተገለባብጦ ሄደ! ማሽኑ ራሱ ቢልከውስ?

ኮድ ቆጣሪ፦ ወንድሜ፣ ኢንተርኔቱ እንኳ ቢኖር ስሙ አይስማማም። አንዱ ላብ «ቢኤፍ» ይላል፣ ሌላው «የወባ ምርመራ»። ማሽን አንድ መሆናቸውን በምን ይወቅ? ለዚህ ነው ሎይንክ የሚባለው የምርመራ ኮድ የመጣው፤ መልእክቱን ደግሞ የጤና ሲስተሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በኤችኤል7 ቅርጽ ትልከዋለህ። በዚያ ላይ የእናንተ መዝገብ በእያንዳንዱ ታካሚ ነው፣ ሳምንታዊው ሪፖርት ግን ድምር ነው የሚፈልገው። ዲኤችአይኤስ2 የሚባለው የጤና መረጃ ሲስተም ሁለቱንም ይችላል፣ መሃል ላይ የሚደምረው ነገር ግን መሠራት አለበት።

የደጋ ሰው፦ አድራሻም አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ወባ ከተገኘበት ሰውዬው ምናልባት ከቆላ ነው የመጣው። ላቡ የመኖሪያ ቀበሌ ካልላከ ብርዳችን ውስጥ ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ጉድ ይፈላል 😂

እህተ ማርያም፦ እስከዚያው ኮሌራ ከጠረጠራችሁ ሲስተም አትጠብቁ፣ ወዲያው ደውሉ። ሳምንታዊ አይደለም እሱ።

የቆላው ላብ፦ እሺ፣ ከስሙ እጀምራለሁ። የሎይንክ ዝርዝር ያለው በውስጥ ይላክልኝ።