ጥላ ሳስገባ የአያቴ መልክ ይጠፋብኛል

የአያቴን ፊት በእርሳስ ለመሣል እየታገልኩ ነው። ያለኝ ኤችቢ (ፈዘዝ ያለው)፣ 2ቢ እና 6ቢ (በጣም የሚጠቁረው) እርሳስ፣ ላጲስና ኤ4 ወረቀት ነው። የሳቸው ፎቶ ደግሞ የድሮ ጉርድ ፎቶ ነው፤ እዚሁ ጅማ ፎቶ ቤት አሳድጌ አሳትሜዋለሁ። ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ስለሆነ ጥላው እምብዛም ነው።

ልኩን አውቀዋለሁ፦ ዓይን ከአናት እስከ አገጭ መሃል ላይ ይውላል፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት አለ። ይህን ብቻ ተከትዬ ስስል የማንም ያልሆነ ሽማግሌ ይወጣል። ፎቶውንም ወረቀቱንም በካሬ ከፋፍዬ ስሠራ ግን መስመሩ ልክ ይመጣል። የግራ ዓይናቸው ቆብ ወረድ ማለቱ፣ የከንፈራቸው አንድ ጫፍ ቀና ማለቱ ሳይቀር ይያዛል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጥላ ማስገባት ስጀምር፣ በተለይ ከአፍንጫው ክንፍ ወደ አፍ በሚወርደው መስመር ላይ፣ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናሉ። በ6ቢ ጠቆር ሳደርገው የተቆጡ ይመስላሉ፤ በኤችቢ ሳለሰልሰው ሃያ ዓመት ይቀንሱና እናቴ «ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ትለኛለች። ፎቶውን ላዩን ወደ ታች አዙሬ እያየሁ መሣልም ሞክሬያለሁ፤ ለመስመሩ እንጂ ለጥላው አልረዳኝም።

እንዲህ በፍላሽ ከተነሳ ፎቶ ስትሥሉ፣ መልኩ እንዳይጠፋ ጥላውን የምትጀምሩት ከየትኛው የፊት ክፍል ነው?